በክፍሉ መሃል ያወጣነው ጀፎረ

ጉብሬ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ነው የያዙኝ። በእጄ የሣር ናሙና ያለበት ፌስታል ነበር። አንዱ ፖሊስ ከፍቶ አሸተተው፤ ሣር ብቻ መሆኑን ሲያውቅ ቅር ያለው መሰለኝ።

ጥፋቴ ያለ ፈቃድ ሕዝብ መሰብሰብ ነበር። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የማጠናው ጀፎረን ነው፤ በጉራጌ መንደሮች መሃል የሚያልፈውን፣ ከብት የሚግጥበትን፣ ለቅሶም ሠርግም የሚዋልበትን ሰፊ የሣር መንገድ። የሁሉም ነውና ማንም አያጥረውም። ቸሃ ውስጥ አንዱን ጀፎረ ሊያጥሩት ነው ሲባል ከገበሬዎቹ ጋር ተቀምጠን ስለ ሣሩና ስለ ጎርፉ ተነጋገርን። ቤት ለቤት ዞረው ሰዉን የጠሩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መርማሪው የፈለገው የእሳቸውን ስም ነው። ከነገርኩት ቤቴ እንደማድር ቃል ገባልኝ፤ ስላልነገርኩት እስከ ጠዋት አስብበት አለኝ።

ወልቂጤ ያስገቡኝ ክፍል መርገጫ የለውም። ሽንት ቤት ለመሄድ የሰው እግር መርገጥ ግድ ነው። ከቆሼ ከተማ የመጡ አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሁሉም ሀጂ የሚላቸው፣ በምን እንደታሰርኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እንግዲያው መምህር፣ እዚህም አንድ ጀፎረ አውጣልን» አሉኝ።

ያለ ፈቃድ ሕዝብ ስሰበስብ ይኸው ሁለተኛዬ ሆነ። ፍራሹን ሁሉ ወደ ግድግዳ ገፋን፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ወጣ። በተራ እንሄድበት ጀመር። ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሲሚንቶው ይለሰልሳል፣ ጤዛው እግሬን ያረጥበዋል፣ ከእንሰቱ ጀርባ ላም ትጮኻለች። መስኮቱ ጋ ስደርስ እነቃለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ያው ሣር ይቀበለኛል።

አመሻሽ ላይ ሌሎች እስረኞች አመጡ። አንዱ ቦታ ቢያጣ ካርቶኑን መንገዱ ላይ ዘረጋ። ማንም አልተቆጣውም። ሀጂ ከፍራሻቸው ግማሹን ለቀቁለት።

«መንገዱ የሁላችንም ነው። ና፣ እኔ ጋ ይበቃናል» አሉት።

ቤቴ ክፉኛ ናፍቆኝ ነበር፤ የሽማግሌውን ስም ለመናገር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ሀጂ በጎናቸው ተጣጥፈው ሲተኙ ሳይ ግን አፈርኩ።

ጠዋት ሲጠሩኝ በመንገዳችን እየሄድኩ ወጣሁ።

«ማነው የጠራቸው?» አለ መርማሪው።

«እኔ ነኝ።»

«ቤት ለቤት ዞረህ?»

«ቤት ለቤት።»

አላመነኝም። ቤቴን ሳላይ ብዙ ቆየሁ፤ በክፍሉ ያወጣነው መንገድ ግን እስከ መጨረሻው አልተዘጋም።

በቅርቡ ቸሃ ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ጀፎረው ዳር ተቀምጠው ከብቶቻቸውን ይጠብቃሉ። አጥር የለም።

«ማን ጠራቸው ብለው ጠየቁህ?» አሉኝ።

«ጠየቁኝ፣ አባቴ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩ አልጠየቁኝም። ፈቀቅ ብለው ሣሩ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።