አያ ካሴ ሊጠብሱት የነበረው መምሬ

ስማ ደሴ... አያ ካሴ ትናንት ዓሣህን ጠብሰው ሊበሉት ነበር። አትሳቅ።

ለማታውቁን ሰዎች... ደሴ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ተገልብጣበት ሞተ። አያ ካሴ የእናታችን አጎት ናቸው። ከአምባ ጊዮርጊስ ለለቅሶ መጥተው፣ አልጋው ላይ የደሴን ቦታ ይዘው፣ ጆሮዬ ሥር ሲያንኮራፉ ሰነበቱ። ዓሣው ደግሞ ደሴ ከጎርጎራ በጀሪካን ያመጣው፣ ግቢያችን በርሜል ውስጥ የሚኖር አምባዛ ነው። ጺም ስላለው «መምሬ» ብሎ ሰየመው። እማዬ «ምነው ልጄ፣ ካህን በርሜል ውስጥ ይነከራል?» ብላ ተቆጥታው ነበር።

አየህ ደሴ፣ ጣጣው የመጣው ከአንተው ለቅሶ ነው። የእድር ፍራሽ ተነጠፈ፣ ሰው ተቀመጠ፣ አለቀሰ፣ ሄደ... ቁንጫው ግን ቀረ። ትንሽ የምትጠላ ሰው ብትሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ቁንጫ አይመጣም ነበር።

አያ ካሴ ለባቄላቸው የገዙትን የተባይ መድኃኒት አወጡና ቤቱን በሙሉ ረጩት። ቁንጫው አለቀ። እኛም ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ መርጫውን የት ያጠቡት ይመስልሃል? አዎ... መምሬ በርሜል ውስጥ።

«አያ! ዓሣ አለ እኮ ውስጡ!»

«ምነው ትጮሃለህ? እሱም ቁንጫ ይኖርበት ይሆናል።»

በቃ ሞተ ብዬ ነበር። አልሞተም። በነጋታው ውሃው ጥርት ብሎ፣ መምሬ ታች ጭቃውን ሲያምስ አገኘሁት።

ከለቅሶው በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ጠየቅኳቸው። «እንዲህ ያለ መርዝ ውሃ አይወድም» አሉኝ። «የሚወደው ጭቃና ስብ ነው። አብዛኛው ጭቃው ላይ ስለተጣበቀ ዓሣው ባንዴ አልሞተም። ግን ጭቃ ውስጥ እየለቀመ የሚበላ ከሆነ ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ስቡ ውስጥ ይጠራቀማል።»

ትናንት እንግዲህ፣ አያ ካሴ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ቢላዋ ይዘው በርሜሉ ሥር ቆሙ።

«መንገደኛ ባዶ ሆዱን አይሄድም። በል እሳት አንድድ፣ ይሄን እንጥበሰው።»

ደሴ፣ ከአንተ የቀረን ነፍስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ባጃጇ እንኳ የሰው ነበረች። ግን ይሄን ለአያ ካሴ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

«አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አይበላም» አልኩ።

«ቅርፊቱን ማን ሊበላ? ሥጋ አለው አይደል?»

«እርስዎ ራስዎ መርዝ አጥበውበታል!»

«ውሃውን እየው እስቲ፣ እንደ ጠበል ጠርቷል። ዓሣውም ሸጋ ነው፣ ወፍሯል።»

«አያ፣ መርዙ እኮ ውሃው ላይ አይታይም! ጭቃው ያዘው፣ እሱ ጭቃውን በላ፣ አሁን እርስዎ እሱን ሊበሉ ነው። የባቄላዎን መድኃኒት በዘይት ጠብሰው ሊጎርሱት!»

«እኔ ስንት ዘመን ስረጭ ኖሬ መች ሞትኩ?» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ነከሩ። መምሬ አንዴ አመለጣቸው። በሁለተኛው ጭንቅላቱን ያዙት...

እማዬ ከቤት ወጣች። ከቀብርህ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«አያ ካሴ፣ ይልቀቁት! ከዚህ ግቢ ሌላ ሬሳ አይወጣም። የእርስዎም ቢሆን!»

ለቀቁት። በሽሮ ተሸኙ።

ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ነው። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። አልጋው በሙሉ ተለቆልኝ፣ እኔ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነው ያደርኩት። ተነሳሁ። መምሬን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጭቃውን በጣሳ ዝቄ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አሰርኩት። ቦይ ውስጥ ብደፋው ቀሃ ወንዝ ይገባል፤ እዚያ ላለው ዓሣ ደግሞ ማን ይከራከርለታል? አዲስ ውሃ ሞልቼ መምሬን መለስኩት። ከዚያ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ቆየ። ወጣ። አየር ጎረሰ፣ ዞር ብሎ ሳያየኝ ተመልሶ ወረደ።

እንደምን አደርክ የለ፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ... ቁርጥ አንተን።