ከፊት ያስገባኋቸው እናት

ሚዛን ተፈሪ ሦስት ዓመት ስኖር የማርያም ማኅበርተኞች ጎረቤቶቼ በየወሩ ይጠሩኛል፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ጽዋ ግን አላነሣም ነበር። ጽዋ ያነሣ ሰው በተራው መደገስ አለበት። እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ ዝውውር ስለጠየቅሁ፣ ቃል ገብቼ እንዳላፈርስ ፈራሁ።

በመሥሪያ ቤታችን የቅዳሜ የኮምፒውተር ሥልጠና ተጀመረ። አስተማሪያችን፣ የሸኮ ልጅ ናት፣ "ከኑሯችሁ የወጣ ዝርዝር ጻፉ" አለችን። የማኅበሩን አሥራ አንድ ሴቶች በየተራቸው ጻፍሁ። በዝርዝሩ የሠራሁት ፕሮግራም ስንተኛዋ እንደደገሰች ይይዝና ቀጣይዋን ይናገራል። ሴቶቹ ወደዱት፤ ተራ የሚመዘግቡበትን ደብተር ሳጥን ውስጥ ከተቱት። እኔም በመጨረሻ የምሰጣቸው ነገር አገኘሁ ብዬ ተመስገን አልሁ።

ከዚያ ከማጂ የመጡ አንዲት አሮጊት ማኅበሩን ገቡ። እሳቸውን ከወጣቶቹ ኋላ መጻፍ ነውር መስሎኝ ከዝርዝሩ ራስ ላይ አስገባኋቸው። ታላቅ ሰው ገብቶ በር ሥር ይቀመጣል እንዴ?

በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ አምስተኛዋ በደገሰችበት፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ተረኛዋን አነበብሁ። የወጣው የደጋሿ የራሷ ስም!

"ምነው፣ ጠላዬ ይህን ያህል ጣፈጠ?" አለች ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች።

"ኮምፒውተሩም ቀምሶታላ!" አለች ሌላዋ።

ሳቁ። ደብተሩ ግን ከሳጥን ወጣ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ቅዳሜ አስተማሪዋ ወንበሮች ደርድራ አሳየችኝ። "ከፊት ሰው ሲገባ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ይገፋል፤ አምስተኛዋ ስድስተኛ ሆነች። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቁጥሩን እንጂ ሴትዮዋን አይደለም። እትዬ፣ ክብራቸውን በመቀመጫ ይስጧቸው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን በአፔንድ፣ ከመጨረሻ በሚጨምረው ትእዛዝ።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሮጊቷን አገኘኋቸው። "እማማ፣ ከመጨረሻ ላስገባዎት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"የኋለኛ ለመሰናዳት ጊዜ አለው፣ ልጄ። አንቺስ ስንተኛ ነሽ?"

"እኔማ የለሁበትም። ዝውውር እየጠበቅሁ ነው።"

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተራ ይዣለሁ፣ አንቺ የዝውውር ወረቀት ትፈሪያለሽ?"

ቤቴ ገብቼ ስማቸውን ከራስ አነሣሁና ከመጨረሻ ጨመርሁት። አማተብሁና ከእሳቸው ቀጥሎ የራሴን። ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፤ ማንም አልተገፋም።

በሚቀጥለው ወር ፕሮግራሙ ትክክለኛዋን ተረኛ ጠራ። ደብተሩ ዛሬም አጠገቡ ይቀመጣል፤ ይሁን። ተራዬ ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቶታል። ዝውውሩ ከቀደመ፣ እስክደግስ ታገሡኝ ብዬ መሥሪያ ቤቱን እለምናለሁ። ጋን ግን ካሁኑ መግዛት አለብኝ፤ አዲስ ጋን እስኪሟሽ ጊዜ ይፈልጋል።