«ሰከንድ ሃንድ» አባት

ባለፈው ሳምንት ዲላ ገበያ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ የታፈነው የጨርቅ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። በጃንሆይ ጊዜ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነው ነገር ትዝ አለኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን «ሰከንድ ሃንድ» የሚለውን ቃል አስተማሩን፤ ሰከንድ ሃንድ ኮት፣ ሰከንድ ሃንድ መጽሐፍ። ከዚያ በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ አሉን። እንጀራ አባት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ፣ «ሰከንድ ሃንድ አባት አለኝ» ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

እንጀራ አባቴ ከደጋው አገር ከቡሌ የመጣ ሰው ነበር፤ እናቴን ያገባት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ እንሰት ሲተክል አገኘሁት።

«ምን ማለት ነው ልጄ?» አለኝ።

«መጀመሪያ የሌላ ሰው የነበረ» አልኩት፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እሱ ግን ጭቃ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቡሌ ሳለሁ ሴት ልጅ ነበረችኝ። በሞተችብኝ ጊዜ አንቺን ታክል ነበር።»

ማንም አልነገረኝም። ስሟን ልጠይቀው ፈልጌ ሳመነታ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

በማግስቱ እናቴን ጠየቅኳት። ልጅ እንደነበረችው እሷም አታውቅም ነበር።