ለልጅ ልጄ የሰፋኋት ድሪቶ

ጅቡቲ ውስጥ የልጅ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ ስል የማይስቅ ሰው የለም። እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ 5፣ መንገድ ዳር የሚሠራ አንድ የድሬዳዋ ልብስ ሰፊ አለ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ የማገኘው ከእሱ ነው። ፌስታሉን ባቀበለኝ ቁጥር "እትዬ፣ በዚህ ሙቀት ማንን ሊያፍኑ ነው?" ይለኛል። "ሕፃን ክሊም ሥር ተኝቶ አይተህ አታውቅም?" እለዋለሁ። ክሊም የምንለው የቤት ማቀዝቀዣውን ነው፤ ልጅ እሱ ሥር ሳይለብስ ከተኛ አፍንጫው ተዘግቶ ይነሳል።

የምሠራውን ነገር ስሙን አላሳምርም፤ ድሪቶ ነው። እናቴ የምትደርተው ቸግሯት ስለነበር እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ትወሽቃት ነበር። እኔ የምደርተው ደስ ስለሚለኝ ነው። ቁርጥራጩን መጀመሪያ አጥበዋለሁ፤ ቀለም የሚለቀው እዚያው ይለይለታል። ከዚያ ከወተት ካርቶን ባወጣሁት ልክ እየቆረጥኩ እገጣጥማለሁ። በመሃል ጥጥ አልሞላም፣ ያረጀ አንሶላ ይበቃል። የሚያብረቀርቅና የሚያዳልጥ ጨርቅ ለልጅ አላደርግም፤ ላብ አይመጥጥም።

ልጄ ስትወልድ የሠራኋት ድሪቶ ከሁሉም አስበልጬ የለፋሁባት ናት። ባቡር ላይ ይሠራ የነበረው አባቴ የለበሰው ሸሚዝ አለባት፤ ልጄ በልጅነቷ የምትወደው ባለ ቢጫ አበባ ቀሚስም አለባት። ልጄ ያለችኝ አንድ ናት። ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ቢሮ ትሠራለች፣ ቤቷ ከከተማው ዳር ወዳለው ፔካ 12 በሚወስደው መንገድ ነው። መርፌ ላስተምርሽ ስላት ስትሸሸኝ ያደገች ናት። ድሪቶዋን ስሰጣት "ሜርሲ እማዬ፣ ታምራለች" አለችኝ፤ ድምጿ ግን ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቤቷ ብሄድ የሕፃኗ አልጋ ላይ ያለው ድብ የተሳለበት የሱቅ ብርድ ልብስ ነው። ድሪቶዋን አላየኋት። እኔም አልጠየቅኩም። ልጄ በእጄ ሥራ አፍራለች ብዬ ስንት ሳምንት ሳስበው ከረምኩ።

በጋው ጠንክሮ፣ ነፋሱ እንደ ምድጃ ትንፋሽ በሚሆንበት ወቅት፣ ልጄና ሕፃኗ እንደ ልማዳቸው አርብ ለምሳ መጡ። የልጅ ልጄ ዳይፐር መኪና ውስጥ ተረስቶ ኖሮ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ድሪቶዬ የልጅቷ የመኪና መቀመጫ ላይ ተነጥፋለች። ሙዝ ተለድፎባታል። ይባስ ብሎ መሃሏ ላይ በመቀስ ሁለት ቦታ ተቀድዳለች!

ደሜ ፈላ። የመቀመጫ ጨርቅ ያደረገችኝ እኔን ራሴን መሰለኝ። ገፍፌ አወጣኋትና ጓዳ ወስጄ ከልብስ ክምር ሥር ከተትኳት። ምሳውን ጥርሴን ነክሼ አቀረብኩ። "እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?" ብትለኝ "ደህና ነኝ" አልኩ፣ ደህና ባልሆነ ድምፅ።

ሲሄዱ ልሸኛቸው ወጣሁ። ልጄ ሕፃኗን መቀመጫው ላይ ስታስቀምጣት ልጅቷ ጮኸች። የቀበቶው ብረት በፀሐይ ግሎ ጭኗን ነክቷታል። ልጄ ብድግ አደረገቻትና መቀመጫውን እየዳበሰች "ድሪቶዋስ? ድሪቶዋ የት ሄደች?" አለች።

"እኔ ነኝ የወሰድኳት" አልኩ። "የቀደድሽብኝን፣ ሙዝ የለደፍሽባትን።"

"እማዬ! እሷ ባትኖር እኮ በዚህ ሙቀት ልጅ ይዤ ከቤት አልወጣም። የሱቁን ሞከርኩት፣ ላብ በላብ ነው የሚያደርጋት። እሷን አንጥፌ ትርፉን ብረቱ ላይ ሳጥፈው አያቃጥላትም። እዚህ የምንመጣው በሷ ነው።"

የልጅቷ ጭን ትንሽ ቀላ እንጂ አልተላጠም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ስናደርግበት ዝም አለች። እኔ ግን አፈርኩ። ሮጬ ገብቼ ድሪቶዋን አመጣሁ። ሳነጥፋት ነው ቀዳዳዎቹን በደንብ ያየኋቸው። ቀበቶው እንዲያልፍባቸው የተቀደዱ ናቸው፤ ጫፋቸው ደግሞ ዙሪያውን በእጅ ተሰፍቷል። አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ክሩ ቀይ፣ ቋጠሮው የሽንብራ ፍሬ የሚያህል።

"ማነው የሰፋው?"

"እኔ ነኛ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ጣቴን ወንፊት አደረግኩት።"

በልጅነቷ ብለምናት መርፌ ያልነካች ልጄ! ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ ላቤን እንደሚጠርግ ሰው ፊቴን በነጠላዬ አበስኩ።

ያቺ ስትታጠብ የምትተካት ሌላ ድሪቶ በማግስቱ ጀመርኩ። ቁርጥራጩን ገጣጥሜ፣ ጀርባዋን አድርጌ፣ ዙሪያዋን ዘምዝሜ ጨረስኳት። ልክ ለክቼ ቀዳዳዎቹ የሚሆኑበትን ቦታ በሳሙና ምልክት አደረግኩባት። መቀሱን ግን አላሳረፍኩባትም፤ ቀድዳ ዙሪያውን እንድትሰፋው ለልጄ ተውኩላት።