ከፍርግርጉ ላይ የሚለቅሙት እናት

እትዬን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ዋሸሁ ማለት ነው። የተገናኘነው ውሃ ማጣሪያው ግቢ ውስጥ ቧንቧ ስጠግን ነው። ያኔም ቢሆን ዓይን አፋር ስለሆንኩ ብዙ አላወራኋቸውም።

ሥራቸው ወንዙ ወደ ማጣሪያው በሚገባበት አፍ ላይ የተተከለውን የብረት ፍርግርግ ማጽዳት ነው። ወንዙ የሚነሳው ከተራራው አናት፣ ሣር ከሸፈነው ረግረግ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ሕፃን ልጅ ይዘለዋል ይላሉ። ገደሉን ሲወርድ ጉልበት ያገኛል። ከገደሉ ሥር ሲጠራቀም ዓሣው ይበዛል፤ ዓሣ ለቃሚ ወፎችም የሚሰፍሩት እዚያ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ የነካውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፦ የዳክዬ ላባ፣ ሸርጣን፣ የእንቁራሪት እንቁላል፣ ቅርንጫፍ። ሁሉም ፍርግርጉ ላይ ይቀራል።

ሌሎቹ ሠራተኞች ያወጡትን በአካፋ ዝቀው ጋሪ ላይ ይጥሉታል። እሳቸው ግን ሲሚንቶው ላይ ዘርግተው በእጃቸው ይበታትኑታል። ነፍስ ያለውን ሸርጣን በጀርባው ይዘው ወደ ውሃው ይመልሱታል።

“እትዬ፣ ዛሬስ ወንዙ ምን ላከልዎ?” ይላቸዋል ጥበቃው።

“ለአንተ ሸርጣን። ጢምህን ይከርክምልህ።”

ይሳሳቃሉ። ዞር ሲሉ ግን ጥበቃው ነገረኝ። ልጃቸው ዓሣ ሊያጠምድ ገደሉ ሥር ወርዶ ድንገት ደራሽ ውሃ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም። እሳቸውም የልብስ ስፌታቸውን ትተው ይህን ሥራ ለምነው ገቡ። አንዴ ጫማ ተገኝቶ ጭናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። የሴት ጫማ ነበር።

በቀደም አለቃው ማሽን አስመጣ። ማሽኑ ራሱ ፍርግርጉን ጠርጎ በቀጥታ መኪና ላይ ይጭናል።

“እማማ፣ ከእንግዲህ ቢሮ ውስጥ ነዎት። ወገብዎም ያርፋል” አላቸው፣ የሚደሰቱ መስሎት።

“ማሽኑ ይለያል?” አሉት።

“ምኑን?”

ወደ ፍርግርጋቸው ተመለሱ።

ዛሬ ማሽኑ ተገጥሞ አለቀ፤ ነገ ሥራ ይጀምራል። እሳቸው ግን እንደ ወትሮው ቅጠሉን ዘርግተው ይበታትናሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ አብሬ በተንኩ። ድንገት ከአፌ አመለጠኝ፦

“ከነገ ጀምሮ የት ሆነው ነው የሚጠብቁት?”

እጃቸው ቅጠሉ ላይ ቆመ።

“እሱን አትጠይቀኝ፣ ልጄ” አሉኝ።