የኦቦ አልይ ካራ

ይህን ነገር ከባለ ሐቁ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ አብሮኝ ሱቅ ለሚውለው ወንድሜም አልተናገርኩም። አሁን ለእናንተ ስናገር እንዳታዝኑልኝ እለምናለሁ፤ የሚታዘንለት ሌላ ሰው ነው።

ሸምሱ እባላለሁ። ከስልጤ መጥቼ ሮቤ ገበያ አጠገብ ቢላዋ የምሸጥና የምስል ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲው ገና ሲገነባ፣ ባጃጅ ከፈረስ ጋሪ ጋር መንገድ መጋፋት በጀመረችበት ዘመን፣ በመብራት የሚሽከረከር የመሳያ ማሽን አስመጣሁ። በአንዱ ጎኑ ብረት የሚበላ ሻካራ ድንጋይ አለው፤ በሌላው ጎኑ ቅባት ተቀብቶ ብረት የሚወለውል የጨርቅ መንኮራኩር። እኔ የሳልኩት ቢላዋ ላይ ወንዱ ፂሙን ያያል፤ ሴቶቹ ሲረከቡኝ እየሳቁ ሻሻቸውን ያስተካክሉበት ነበር። «ሸምሱ መስታወት» አሉኝ። ስሙን ወደድኩት። እውነቱን ልናገር፣ ከስለቱ ይልቅ ማብለጭለጩን እወድ ነበር።

ኦቦ አልይ የሰፈራችን አራጅ ነበሩ። ሰርግ ቢሆን፣ ልጅ ቢወለድ፣ ሰደቃ ቢኖር መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በሬው አጠገብ ቁጢጥ ብለው አንገቱን እያሻሹ በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያናግሩታል። ካራውን ከኋላቸው ይደብቃሉ፤ እንስሳ ስለት ማየት የለበትም ይላሉ። ከዚያ ቢስሚላህ ብለው አንድ ጊዜ ነው፤ አይደግሙም። ያንን ካራ በድንጋይ የሚስሉት ራሳቸው ነበሩ፤ ለሰው አይሰጡም።

አንድ ዓመት፣ አረፋ ሲቃረብ፣ ዓይናቸው ደክሞ ሱቄ መጡ። ካራውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይሄ የአባቴ ነው። እሳት አይወድም። ሳትቸኩል፣ ውሃ እያጠጣህ ሳልልኝ።»

«አያስቡ ኦቦ» አልኳቸው።

ዙሁር ሊሰግዱ ሄዱ። የአረፋ ሰሞን ነውና ደጃፌ ላይ ሰው ተሰልፏል። ብረቱን የማቀዘቅዝበት የውሃ ጣሳ ባዶ ነበር። ልሞላው ከወንበሬ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ጥፋቴ የጀመረው እንዲህ ባለች ነገር ነው፤ ከወንበር ባለመነሳት። ካራውን ሻካራው ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጫወትኩ ተጫንኩት። ያነቃኝ ሽታው ነው። ሳነሳው ስለቱ መሃሉ ላይ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት የሚስል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያን ያህል የጋለ ስለት ጥንካሬው ወጥቷል። ሲያዩት ስል ይመስላል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ይታጠፋል።

አውቅ ነበር ወይ? አውቅ ነበር። «ኦቦ፣ አበላሸሁት» ለማለት ምን ያህል ጉልበት ይጠይቅ ነበር? እኔ ግን ወደ ጨርቁ መንኮራኩር ወሰድኩትና ሰማያዊው እስኪጠፋ ድረስ ወለወልኩት። እንደዚያ አሳምሬ የወለወልኩት ብረት በዕድሜዬ የለም። ኦቦ አልይ ተመልሰው ሲያዩት ፊታቸው በራ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ለእኔ፣ ለሱቄ፣ ገና ላልወለድኳቸው ልጆች። እኔም «አሚን» አልኩ። ብረቱን ያቃጠልኩት በስንፍና ነው። አሚን ያልኩት ግን እያወቅኩ ነው።

የአረፋ ዕለት፣ ከሶላት በኋላ፣ ጎረቤታሞች ተዋጥተን የገዛነው በሬ ዙሪያ ተሰበሰብን። ገመዱን ከያዙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ኦቦ አልይ በሬውን አናገሩት፣ ቢስሚላህ አሉ። ካራው ገባና ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ ጫን አሉት፣ መለሱት፣ እንደገና ጫን አሉት። በሬው ተንፈራገጠ። ገመዱ መዳፌን ላጠው። ሌላ ሰው ሌላ ካራ ይዞ እስኪደርስ ድረስ ያ እንስሳ ያየውን ስቃይ አልተርክም። ሼሁ ሥጋው ሐላል ነው ቢሉም የሰው ፊት ጠቁሮ ነበር።

ኦቦ አልይ ካራውን አጥበው አዩት። ያብለጨልጫል። የታጠፈው የስለቱ ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ለደከመ ዓይን አይታይም። ቀጥለው እጃቸውን አዩ።

«እጄ ነው» አሉ።

አንዱ ጎረቤት ካራውን ተቀብሎ አገላበጠው። «እርጅና ነው ኦቦ፣ ምን ይደረግ። ካራውማ ይኸው መስታወት ነው» አለ። ሌሎቹም «አዎ፣ እጃቸው ደክሟል» አሉ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሰዎቹ ሥራዬን እያደነቁ፣ ሽማግሌው እጃቸውን እያዩ፣ እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው? አፍሬ ነው? ስሜን ወድጄ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ አልይ ካራ አልያዙም። ሲጠሯቸው «እጄ አይታመንም» ይላሉ። ቆይቶ የሚጠራቸውም ጠፋ። ያኔ ያልነበረ መንቀጥቀጥ በኋላ እጃቸው ላይ መጣ። እርጅና ነው ወይስ ሰው ሁሉ የነገራቸውን ሰውነታቸው አምኖ ነው? እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው «ሸምሱ፣ አከም ጂርታ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ። እንዲህ ሆኖ ይኖራል? ይኖራል። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሱቄን አሰፋሁ። ለራሴ «አላህ መሐሪ ነው» እላለሁ። የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ብሎ ይቅር ካላለ እንደማይሰረይ ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት ነው።

ባለቤታቸው ሲሞቱ ኦቦ አልይ ጎባ፣ ልጃቸው ራቢያ ቤት ገቡ። ባለፈው ክረምት ራቢያ ወንድ ልጅ ወለደች። ሚስቴ ልትጠይቃት ሄዳ ስትመለስ እንዲህ አለችኝ፦

«አንድ የሚያሳዝን ነገር አየሁ። ራቢያ ልጁን እንዲያቅፉት ስትሰጣቸው አባቷ እጃቸውን ሰበሰቡ። እጄ አይታመንም፣ ከዚሁ ልየው አሉ። አንድም ቀን አቅፈውት አያውቁም አሉ።»

እሷ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። እኔ ማለፍ አቃተኝ። የወሰድኩባቸው ካራቸውን ብቻ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ጎባ ሄድኩ። ራቢያ አስገባችኝ፤ ኦቦ አልይ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታው እንዳለቀ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባዶውን ጣሳ፣ ሰማያዊውን ስለት፣ አሚን ማለቴን፣ ዝምታዬን። ስናገር ምንጣፉን ነበር የማየው።

«እጄ አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም ኦቦ።»

«ገመዱን ይዘህ ነበር እኮ።»

«ይዤ ነበር።»

እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አልጨመሩም። «ያን ቀን ብትነግረኝ እስቅብህ ነበር። ብረት ነው፣ በሌላ ይተካል። አንተ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ከገዛ እጄ ጋር አጣላኸኝ።»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። «አውፍ በሉኝ» አልኩ።

«ለእኔ ነገርከኝ፣ ደግ አደረግክ» አሉ። «እጁ ደክሟል ያሉትስ? ሂድና ለእነሱ ተናገር። አውፍታውን ከዚያ በኋላ መጥተህ ውሰድ።»

ተነሳሁ። በረንዳው ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ራቢያ፣ ልጁን አምጪልኝ።»

«ተኝቷል አባ።»

«ተኝቶም ቢሆን።»

በተከፈተው በር አየኋቸው። ሁለቱንም እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ይንቀጠቀጣሉ። ራቢያ ለአፍታ አመነታችና ሰጠቻቸው። ልጁ አልነቃም። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ይሉት ጀመር፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ወደ ሮቤ ስመለስ፣ ይቅርታ ሳላገኝ፣ ደረቴ ቀልሎኝ ነበር።

ነገ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ቆሜ እናገራለሁ፤ ሚስቴ ግን ቀድማ ከእኔው ትሰማለች። ደንበኛ የሚሸሸኝ ከሆነ ይሽሽ። ወጣት ነበርኩ አልልም። ሰልፉ በዝቶብኝ ነበር አልልም። ያን ዕለት እዚያ የነበራችሁ፣ ወይም ወሬውን ከሌላ የሰማችሁ፣ አሁን ከእኔ ስሙት፦ የኦቦ አልይ እጅ ምንም አልሆነም ነበር። ካራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።