ሊብራዶና ሁለቱ ሣጥኖች

ኩባንያው የመዳብ ጉድጓዱን ሊያሰፋ ሲነሳ መጀመሪያ ያፈናቀለው በሕይወት ያለነውን ነበር። የሳንታ ኢኔስ የላይኛው ሰፈር ቤቶች እንዳሉ በትልልቅ መኪና ተጭነው ወደ ሜዳው ወረዱ። የጎረቤቴን የዶን ሊብራዶ ባካን ቤት ፊቱን አዙረው አስቀመጡት። ሊብራዶ ዕድሜውን በሙሉ ከመሬት በታች ድንጋይ ሲበሳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ጠዋት በለመደው በር ሲወጣ ራሱን ጓሮ ያገኘዋል።

"ቾና፣ መንገዱ የት ሄደ?" ብሎ ሚስቱን ይጣራል።

"መንገዱማ የትም አልሄደ፤ አንተ ነህ የመጣኸው" ትለዋለች፣ የበቆሎ ቂጣዋን፣ ቶርቲያውን፣ እያገላበጠች።

ቀጥሎ ተራው የሙታን ሆነ። ኮረብታው ላይ ያለው መቃብር ተቆፍሮ አጽሙ ሁሉ ወደ ሜዳው እንዲወርድ ተባለ። ሊብራዶ የእናቱን የቶማሳን ሣጥን ሊቀበል ሲሄድ እኔም ለሸክም አብሬው ወጣሁ። እዚያ ዶኛ ፊደንሲያ ማሬስ ቀድማን ቆማለች። እናቷ የተቀበረችው ከቶማሳ ጎን ነው። የደማሚቱ ንዝረት ያን ሰሞን መስቀሉን ሁሉ ጥሎት፣ መሬቱም ተንሸራቶ ስለነበር፣ ቆፋሪዎቹ ከዚያ ቦታ ሁለት አዳዲስ ሣጥን ሞልተው ሲያወጡ የማን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

"እናቴ ረጅም ነበረች። ረጅሙ አጽም የኔ ነው" አለ ሊብራዶ።

"ማን? ቶማሳ? ከእናቴ እኩል ነበረች!" አለች ፊደንሲያ። "አንተ ያኔ ቁመትህ ጉልበቷ ጋ ስለነበር ነው ረጅም የመሰለችህ።"

ሊብራዶ እናቱ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር። ፊቷን እንኳ አያስታውስም። የቁመቷን ነገር ግን እርግጠኛ ነበር፤ አሁን እሱም ተወሰደበት። ሣጥኖቹ ተከፈቱ። አጽሞቹ እኩል ናቸው፤ ቀለበት የለ፣ መቁጠሪያ የለ።

የሥራው አለቃ ሰዓቱን አየና "አንድ አንድ ምረጡና እንሂድ" አለ።

"እናት ይመረጣል እንዴ?" አለ ሊብራዶ። ቁጣ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። አለቃው ኮፍያውን አወለቀ።

በመጨረሻ ሊብራዶ "ዶኛ ፊደንሲያ፣ እርስዎ ከፈቀዱ በአንድ ጉድጓድ እናሳርፋቸው፤ ሁለቱም የሁለታችን ይሁኑ" አለ።

ፊደንሲያ አፏን በሻሟ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። "አንተ ሰውዬ፣ በቦኖ ውሃ ተጣልተው እስኪሞቱ አልተነጋገሩም እኮ! አንድ አልጋ ላይ ልታስተኛቸው ነው?"

"ምን ተሻለ ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቄ። ይተኙ እንግዲህ።"

እንዳለው ተቀበሩ። በአንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ስም ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሁለቱ እዚያ ይገናኙ ጀመር። ሊብራዶ ስለ እናቱ ይጠይቃል፤ ፊደንሲያ የምታውቀው ደግሞ በጠላት ቤት የሚወራውን ነው። ቶማሳ ተራ እንደምትቀማ፣ ዋሽታ እንደምትምል፣ ስትስቅ እስከ ማዕድኑ በር እንደሚሰማ፣ ቀይ ቀሚሷን ለቅሶ ቤት ለብሳ እንደመጣች። አባቱ ሲነግረው የኖረው ግን ስለ አንዲት ጸጥ ያለች ጻድቅ ሴት ነበር።

አንድ ቀን ሊብራዶ ከመቃብሩ ሲመለስ ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። "ስማኝማ፣ ሰው እናቱ ስትታማ ሰምቶ ደስ ይለዋል እንዴ?" አለኝ።

"ደስ አለህ?"

"እንጃ። መቆጣት ነበረብኝ። ግን ቀዩን ቀሚስ ድገሚልኝ አልኳት።"

ፊደንሲያ በሦስተኛው ክረምት በሳንባ ምች ሞተች። በቀብሯ ዕለት ሊብራዶ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከቤተ ዘመዶቿ ጋር የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቾናም ግራ ገብቷት ከኋላ ቀረች። ከሩቅ የመጣ የፊደንሲያ የወንድም ልጅ የሊብራዶን እጅ ጨብጦ አጽናናውና "ምንህ ነበረች?" ሲል ጠየቀው።

ሊብራዶ ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል። ከዚያ "እሱን እንኳ አልተነጋገርንም" አለው።